የእናቶች አበባ

ዓለም ከተማ፣ ጥር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

በገዳም ለሚኖሩት ለእናቴ ለእማሆይ ወለተጊዮርጊስ ይድረስ፤

ጉልበትዎን እየሳምኩ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ ብቻ በግኛለሁ። የሰርጌ አበባ እንዲህ ያንገበግበኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ሰርጌ ጥር 24 ነው። ሙሽራው ናሁሰናይ ነው፤ የባለወፍጮው የአቶ ወዳጆ ልጅ፣ ያውቁታል። አበባውን የያዘችው ጌታነሽ የምትባል የሰርግ ዲኮር የምትሠራ ሴት ናት። መጀመሪያ «ትኩስ ጽጌረዳ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስመጣልሻለሁ» አለች። በሳምንቱ «መንገዱ አይታመንም፤ ጠውልጎ ይደርሳል። ፕላስቲኩን ውሰጂ» አለች። ነጭ ስላት ሮዝ ታሳየኛለች። እሺ ሮዝ ይሁን ስላት «አልቋል» ትላለች። ፕላስቲክ ይዤማ ቤተ ክርስቲያን አልገባም ብዬ ተጨቃጨቅን።

የባሰው ማክሰኞ መጣ። የሙሽራዋ፣ የሚዜዎቹ፣ የመኪናው እያለች ደብተሯ ላይ ስትጽፍ ቆየችና፣

«የእናቶችስ? ሁለት ልበል?» አለችኝ።

«አንድ። የናሁሰናይ እናት ብቻ ናቸው።»

«ውይ! ያንቺ አርፈዋል እንዴ? ነፍስ ይማር!»

እኔም «አሜን» አልኩ።

ይፍቱኝ። አባዬ ባረፈ በዓመቱ ሳይነግሩኝ ሄደው ከመነኮሱ አራት ዓመት ሆነ። «የመነነ ሰው ለዓለም ሞቷል፤ አትፈልጊኝ» ብለው የላኩልኝ ወረቀት አሁንም አለ። ለጌታነሽ ይህን ሁሉ ከማስረዳት አሜን ማለት ቀለለኝ።

ትናንት ስሄድ በሐዘኔታ ዓይን ተቀበለችኝ። «የእናትሽን ፎቶ አምጪልኝ። በነጭ ጽጌረዳ ከብቤ ከሙሽሮቹ ወንበር አጠገብ አቆመዋለሁ። ለእሳቸውማ ፕላስቲክ አላደርግም፤ ለምኜም ቢሆን ትኩሱን አስመጣለሁ።»

ለእኔ የጠፋው ትኩስ አበባ ለሙት ተገኘ!

«አልሞተችም» አልኳት። «መንኩሳ ነው።»

እስክሪብቶዋን ወረወረችው። «በሕይወት ላሉ እናት ነፍስ ይማር ታስብይኛለሽ? እኔም እኮ ልጆች አሉኝ!»

ጮኸችብኝ፤ እኔም ጮህኩባት። ጥላኝ የሄደችው እሷ ናት አልኩ፣ ሱቁ ሙሉ ሰው እየሰማ። ሁለታችንም ሲደክመን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለመሆኑ ጠርተሻቸዋል?» አለችኝ።

ከሱቋ ወጥቼ የደብዳቤ ወረቀት ገዛሁ።

ጽጌረዳው ይምጣ አይምጣ እስካሁን አልታወቀም። መነኩሲት አበባ ትይዝ እንደሆነም ሁለታችንም አናውቅም። ቢሆንም «ለእናቶች፣ ሁለት» ብላ ጽፋለች። ባይመጡም አላስፍቃትም።

ይህን ነገ ወደ ገዳሙ በሚሄዱት በመምሬ ኪዳነ ወልድ እጅ ልኬያለሁ። እመ ምኔቷ ካልፈቀዱልዎ አልቀየምም። እርስዎ ካልፈለጉ ግን እሱንም በእጅዎ ጽፈው ይላኩልኝ፤ ከሰው አፍ አልስማው።

በጸሎትዎ ያስቡን። እመቤታችን ጤናዎን ትጠብቅልኝ።

እማዬ፣ ነይ።

ልጅሽ በዛወርቅ