የጋሽ ሰይድ የቅጥር ዘመን

ሰኞ

እንደገና ጠቆረ። ፕሮግራሙን ስከፍተው ስክሪኑ ጥቁር ይሆንና መሃሉ ላይ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ይመጣል፤ ይሄ ከአቅሜ በላይ ነው እንደማለት። ከዚያ ምንም። አምስት ጊዜ ከፈትኩ፣ አምስት ጊዜ ጠቆረ።

ወንድሜ ዳንኤል ከተቀበረ ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ወደ ሥራ ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ አዲስ ኮምፒውተር ጠበቀኝ። ስክሪኑ ስስ፣ ጠፍጣፋ። አሮጌው ተቃጥሏል አሉ። የሠራተኞቹ መዝገብ ግን ዳንኤል ድሮ በዶስ፣ በጥንቱ የኮምፒውተር ሥርዓት፣ የሠራልን ፕሮግራም ውስጥ ነው። ፋብሪካው ውስጥ ኮምፒውተር የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ደግነቱ ቅጂውን በዲስኬት አስቀምጧል።

አለቃዬ አቶ ግርማ፣ "ላንቺማ ሳያሳይሽ አይቀርም" አሉኝ። አላሳየኝም። እኔም ጠይቄው አላውቅም።

ከሰዓት ጋሽ ሰይድ መጡ። የሽመና ክፍል ሠራተኛ ናቸው፣ የሐርቡ ሰው። ጡረታ ሊወጡ ነው። የወረቀት ፋይላቸው የመዝገብ ቤቱ ጣሪያ ሲያፈስ ከብዙዎቹ ጋር በስብሷል። የተቀጠሩበት ዓመት እስከ ዓርብ ካልተገኘ የጡረታ ኮሚቴው የሚቆጥርላቸው መታወቂያቸው ከተቀየረበት ጊዜ ወዲህ ያለውን ብቻ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሊቀርባቸው ነው።

"ወላሂ ልጄ፣ እኔ እዚህ ግቢ ስገባ የመጨረሻዋ ልጄ ገና ዳዴ ትል ነበር" አሉኝ። እያሳላቸው።

እሺ አልኳቸው።

ማክሰኞ

ትንሽ ድል። አልት እና ኢንተር የሚባሉት ቁልፎች አብረው ሲጫኑ ፕሮግራሙ በትንሽ መስኮት ውስጥ ይከፈታል። ጥቁሩ ጠፋ። ግን አንድም የአማርኛ ፊደል የለም። መስመር፣ ግማሽ ሳጥን፣ ነጥብ። ደህና የሆኑት ቁጥሮቹ ብቻ ናቸው። የሦስት መቶ ሰው የቅጥር ዘመን ፊቴ ተደርድሯል፣ የትኛው የማን እንደሆነ ግን አይታወቅም። በመታወቂያ ቁጥር እንዳልፈልግ የጋሽ ሰይድ ቁጥር ተቀይሯል።

የሞከርኩት፦
ፊደሉን ማሳደግ። ሳጥኑ ትልቅ ሆነ።
ቀለሙን መቀነስ። ያው።
አጥፍቶ ማብራት። ያው።
መጸለይ። ቃል አልመጣልኝም።

ምሳ መብላቴን ያወቅሁት ሳህኑ ባዶ ሆኖ ሳየው ነው።

ረቡዕ

ከሥራ ስወጣ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ በቀጥታ ደሴ ሰኞ ገበያ፣ አንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ። "እህቴ፣ ይሄ እኮ ጊዜው ያለፈበት ነው፣ ጣይው" አለኝ። አልሄድም ስለው ጊዜ ዲስኬቱን ተቀበለኝና አየው። ዶስ አማርኛ የሚያሳየው ፊደሉን አስቀድሞ የሚጭን ሌላ ትንሽ ፋይል ሲኖር ነው አለ። እሱም ሙሉ ስክሪን ላይ እንጂ በመስኮት አይሠራም።

"ሙሉ ስክሪን ሳደርገው ይጠቁርብኛል።"

"የሚጠቁረው ጠፍጣፋው ነው። የድሮውን፣ ባለ ትልቅ ጀርባውን ስክሪን ፈልጊ።"

ቤት ስደርስ የቤተ ክርስቲያን እህቶች በር ላይ እየጠበቁኝ ነበር። ዘመሩ፣ ሻይ አፈላሁ። አንዷ እጄን ይዛ፣ "አልቅሺ እንጂ ምህረት፣ ውስጥሽ አትያዢው" አለችኝ። አልያዝኩትም። የሚያዝ ነገር የለም። ሻይ ጨመርኩላት።

ሐሙስ

የድሮው ስክሪን ግምጃ ቤት ውስጥ፣ ከጥጥ ጆንያ ሥር ተገኘ። ጋሽ ሰይድ ካልተሸከምኩ አሉ። "ይተዉት ጋሼ፣ ሰው እጠራለሁ" ብላቸውም አልሰሙኝም። ደረጃው ላይ ሁለቴ ቆመው ሳሉ።

ሰካሁት። ዲስኬቱ ላይ በላቲን "ፊደል" ተብሎ የተጻፈ ፋይል አለ። ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ! መጀመሪያ እሱን፣ ከዚያ ፕሮግራሙን ከፍቼ ሙሉ ስክሪን አደረግሁት።

አልጠቆረም። ፊደሎቹ መጡ። አረንጓዴ፣ ትንሽ የሚንቀጠቀጡ፣ ግን አማርኛ።

ሰባት ሰይድ አለ። "የአያት ስም?" አልኳቸው። ነገሩኝ። አራተኛው እሳቸው ናቸው፤ ዓመቱም ራሳቸው እንዳሉት።

ጎንበስ ብለው ስማቸውን አዩት። "ወንድምሽ ነው የጻፈው?"

"አዎ።"

"አላህ ይማረው። ጽሑፉ እንዴት ያምራል!"

የማሽን ፊደል ነው አላልኳቸውም።

ማተሚያው አማርኛውን እምቢ ስላለ በእጄ ገለበጥኩት። አቶ ግርማ ከስክሪኑ ጋር አስተያይተው ፈረሙበት፣ ማኅተም አደረጉበት።

ዓርብ

ኮሚቴው ተቀበለው። ጋሽ ሰይድ በር ላይ ቆመው፣ "አልሐምዱሊላህ፣ ሙሉውን ያዙልኝ" አሉ። መረቁኝ። አሜን አልኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስ ሳይለኝ አልቀረም።

ከሰዓት በኋላ የድሮው ስክሪን ጠርዙ ቢጫ መሆን ጀመረ። ብዙም የሚቆይ አይመስልም። ስለዚህ ሁሉንም በፊደል ተራ ትልቁ መዝገብ ላይ በእጄ መገልበጥ ጀመርኩ። ዛሬ አርባ አንድ ስም። ከሀ ተነስቼ መ ላይ ደረስኩ።

ዳንኤልም እዚያ ውስጥ አለ፣ እንደማንኛውም ሠራተኛ፤ ስሙ፣ ክፍሉ፣ የተቀጠረበት ቀን። የወጣበት ቀን ገና አልተሞላም። በዚህ አያያዜ ደ ላይ የምደርሰው የሚመጣው ሳምንት መጨረሻ ግድም ነው። መሙላቱ የእኔ ሥራ ነው።

ለአቶ ግርማ እርስዎ ይሙሉልኝ ልላቸው አስቤ ነበር። አልጠየቅኋቸውም።