የኪዳኑ ጠርሙሶች እንዳይከፈቱ

ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ እንጅባራ፣ በመኖሪያ ቤቴ።

እኔ ሸጋ ዓለምነው የሰባ አንድ ዓመት ባልቴት ነኝ። ኩላሊቴ ደከመ እንጂ ልቤ አልሳተም። ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ የመጨረሻ ቃሌን በአራት ምስክሮች ፊት እናገራለሁ። አርጅታ ዘባረቀች የሚል ቢመጣ ምስክሮቼ ይመልሱለት።

አንደኛ፤ ቤቱና ቦታው ለልጆቼ ለይሄነው ኪዳኑና ለናርዶስ ኪዳኑ እኩል ይሁን። ይሄነውን ከውርስ ልነቅለው አስቤ የንስሐ አባቴ ከለከሉኝ፤ ምስጋናውን ለእሳቸው ያቅርብ።

ሁለተኛ፤ ላሟ ከነጥጃዋ ለናርዶስ። አስታማኛለች።

ሦስተኛ፤ የኳስ ጠርሙሶቹና ጣሳዎቹ። ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ኪዳኑ የለስላሳ መኪና ሾፌር ነበር። የዓለም ዋንጫ ወይም የአፍሪካ ዋንጫ በመጣ ቁጥር ኳስና ዋንጫ የታተመበትን ጠርሙስ ከነለስላሳው ያመጣልኝ ነበር። ጨዋታውን በሬዲዮ አብረን ሰምተን፣ ማን እንዳገባ በወረቀት ጽፎ በጠርሙሱ አንገት ይለጥፍበታል። ሠላሳ ጠርሙስና አሥራ አራት ባዶ ጣሳ አከማቸን። እሱ ካረፈ ወዲህ ፀሐይ እንዳያነጣቸው በሣጥን አኑሬ፣ በየሳምንቱ በደረቅ ጨርቅ ወለወልኋቸው። የከተማችን የቆሰበር ሰው "ሸጋ ቆርቆሮ ታስታምማለች" እያለ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ባለፈው ጥር በይሄነው ሠርግ፣ የሙሽራዋ ወገኖች ከግምጃ ቤት ከተማ በመጡበት ቀን ለስላሳ አለቀ። ልጄ በአማቶቹ ፊት ላለማፈር ብሎ፣ እኔን ሳይጠይቅ የሃያ ስምንቱን ቆርኪ ነቀለ! የአባቱን የእጅ ጽሑፍ በውሃ ዘፍዝፎ ላጠው። የጠጣው ሁሉ ሆዱን ይዞ አደረ፤ ስሙ የጠፋው ግን የእኔ ወጥ ነው። በነጋታው ባዶውን ከሌላው ጋር ለአከፋፋይ መለሰ። ሁለቱ የተረፉት በራስጌዬ ስለ ነበሩ ነው።

ሙሽራዋ ሜላት ነገሩን ስትሰማ የሙሽራ ልብሷን ለውጣ ወደ አከፋፋዩ በባጃጅ ሄደች። ከባዶ ጠርሙስ ክምር መሀል ስትፈልግ ውላ አንዲት ይዛ መጣች፤ አፏ ተሸርፏል። "እማማ፣ ያገኘሁት ይችን ብቻ ነው" ብላ አለቀሰች። ስለዚህ የተረፈው ሁሉ፣ ጣሳውም ጭምር፣ የሜላት ነው። በተዝካሬ ቀን ውሃ እንኳ ቢጠፋ እንዳይከፈቱ። ይሄነው ማየት ቢያምረው ሚስቱን ያስፈቅድ።

አራተኛ፤ ኪዳኑ በ2005 ዓ.ም. በመጨረሻ የጻፈባት፣ በራስጌዬ ያለችው ጠርሙስ ግን ለይሄነው ትሰጥ። የእናት ሆድ ነውና መጨከን አቃተኝ።

ይህ ሲነበብ በር ላይ የቆመው ይሄነው "እማየ፣ ለዚች ብለሽ ነው ይኸን ሁሉ ሰው የሰበሰብሽው? ጠርሙስ እኮ ናት!" አለ። ጸሐፊው ሊያልፈው ነበር፤ እንደ ተናገረው ይጻፍ ብዬ አስጻፍሁ።

አራተኛው ቁጥር ይሰረዝ። ጠርሙሷ ለሜላት ትጨመር።

ኑዛዜው ለእኔም ለምስክሮቼም ተነብቦልናል። ስርዝ አለበት። ከምስክሮቹ አቶ ሽመክት "በቁጣ የተሰረዘ እንዳይባል ነገ ይሁን" ብለውኝ ነበር። በቁጣ ነው የሰረዝሁት። ነገም ቁጣዬ ይኸው ነው።

የተናዛዧ የጣት አሻራ፦ ሸጋ ዓለምነው

ምስክሮች (ፈርመዋል)፦ አቶ ሽመክት ደርበው፣ አቶ ትዕዛዙ ሽባባው፣ ወ/ሮ ምሥራቅ ሀብቱ፣ አቶ ምህረቴ አዝመራው

ጸሐፊ፦ ይበልጣል ታረቀኝ