የሽንኩርት መጋዘኑ በር

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ብርዱ አልጠናበትም? አባዬን ሳሉ ለቀቀው? እኔ ተመስገን ነው፣ አንድ ፀጉሬ አልተነካም። እህቴ፣ ይህችን ሁለት ጊዜ አንብቢላትና ከዚያ ወደ ቀሪው እለፊ።

ያን ቀን በስልክ "አለሁ" ካልኩሽ በኋላ ሁለታችንንም ለቅሶ ቀደመንና ወሬው ሳይወራ ቀረ። መርከባችን ከድንጋይ ጋር ተላትማ ከፊት በኩል ተቀደደች። "ታዲያ እንዴት አልሰመጣችሁም?" ትዪኝ ይሆናል። የመርከብ ሆድ አንድ ወጥ ጎተራ አይደለም፤ በወፍራም የብረት ግድግዳ ክፍል ክፍል ሆኖ የተሠራ ነው። አንዱ ክፍል ቢቀደድ ውሃው እዚያው ይታገታል፣ የቀሩት ክፍሎች ያንሳፍፏታል። ነገር ግን ግድግዳው በር አለው፤ በሩ ክፍት ከሆነ ግድግዳው ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም።

ያ አፉ የማያርፈው ወጥ ሠሪያችን ሽንኩርቱን የሚያስቀምጠው ከፊተኛው ክፍል ነው። ጆንያ ተሸክሞ ከባድ በር መክፈት መዝጋቱ ሲሰለቸው፣ በሩን በሽርጡ ማሰሪያ ከቧንቧ ጋር ጠፍሮ ክፍቱን ይተወዋል። እኔ ከሞተር ክፍል ስወጣ ፈትቼ እዘጋለሁ። እሱ ሲያስር እኔ ስፈታ ከረምን። "ኬላ" ብሎ ስም አወጣልኝ፤ መርከቧን አባቱ ያወረሱት ይመስል እያለ ያማኛል።

መርከቧ ስትላተም እሱ እዚያው መጋዘን ሽንኩርት እየመረጠ ነበር። ወደዚያ ሮጥኩ። እማዬ፣ እየሮጥኩ የማስበው አንድ ነገር ነው። በሩ እንደ ልማዱ ታስሮ ይሆናል፤ ብዘጋው እሱን ከውሃው ጋር ልቆልፈው ነው፣ ባልዘጋው ሁላችንም አለቅን። ስደርስ በሩ ጥርቅም ብሏል። ወጥ ሠሪው እስከ ደረቱ በስብሶ፣ የተበጠሰች የሽርጥ ማሰሪያ ጨብጦ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አየኝና "ኬላው ተዘግቷል፤ ማለፍ አይቻልም" አለኝ። አቅፌው አለቀስኩ። ከግድግዳው ወዲያ ውሃው ሲንጋጋ ይሰማል፤ ወዲህ ግን ጠብታ አልመጣም። እንዲሁ አፍንጫዋን ደፍታ እያዘገመች ወደብ አደረሰችን። እስካሁን ያለ ሽንኩርት ነው የምንበላው፤ ያማረረ ሰው ግን የለም።

አባዬን ጉልበቱን ሳሙልኝ። ታናሼ በቁመት በለጥኩት ይላል አሉ፤ ስመጣ እንለካካለን። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን፣ ኮቱ ዛሬም አልተተረተረም በሉልኝ። እህቴ፣ ስላነበብሽ እግዜር ይስጥሽ፤ የመጨረሻዋን ደግሞ ጮክ ብለሽ አንብቢላት።

እማዬ፣ ወሬውን ከሰማሽ ወዲህ ድንገት ሌሊት ከመጣ ብለሽ በሩን ሳትቀረቅሪ ታድሪያለሽ አሉኝ። ተይ፣ ቀርቅረሽ ተኚ። በሕይወት አለሁ፤ መጥቼ አንኳኳለሁ።

ልጅሽ

መርከባችን ከምትጠገንበት ወደብ፣ የካቲት 12 ቀን