ጅራታሟ ፊደል

ሁለት መነጽር ደርባ ይህን ለምታነበው እናቴ ይድረስ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣቱን እሺ አለ ወይስ አሁንም ያኮርፋል? የስፌት መኪናሽስ ክር መበጠሱን ተወ? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤ ሲጀምር ደህና ነኝ የማይል ሰው የለም፤ የእኔ ግን በመሣሪያ ተለክቶ፣ ባለሙያ ፈርሞበት ነው።

ወንድሜ ደውሎ ጨረር መታት እንዳለሽ ሰምቻለሁ። ጉንፋን ሲይዘው ኑዛዜ የሚጽፍ ሰው መሆኑን አትርሺ። የሆነውን ከእኔ ስሚው።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ቁርጥራጭ ብረት የጫነ መኪና ወደ ማቅለጫው ከመግባቱ በፊት፣ የእጅ ጨረር መለኪያ ይዤ ዙሪያውን እሄዳለሁ። መሣሪያው ግማሽ ጡብ ያህላል፤ መስኮቱ ላይ ቁጥር አለ፣ ከቁጥሩ ጎን ደግሞ ትንንሽ ፊደላት። ቁጥሩን ሁሉም ያየዋል፤ ፊደላቱን ግን ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። በአዘቦት ቀን ዜሮ ነጥብ አንድ ሁለት ማይክሮሲቨርት በሰዓት ይላል፤ ሲቨርት የጨረር መስፈሪያ ነው። ይህ ከመሬትም ከሰማይም የሚመጣ፣ አንቺም ቤትሽ ቁጭ ብለሽ የምታገኚው ነው። ማይክሮ በባዕድ ፊደል ስትጻፍ ጅራት አላት፤ ሚሊ ጅራት የላትም። አንዷ ሚሊ ግን አንድ ሺህ ጅራታሞችን ታህላለች።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አንድ መኪና አጠገብ ስደርስ ቁጥሩ ተነሣ። አርባ አለ። ሦስት መቶ አለ። ወደ ኋላዬ ስመለስ አለቃችን መጡ። ደግ ሰው ናቸው፤ ትዕግሥት ግን ሲታደል አልነበሩም። በር ላይ ስድስት መኪና ተሰልፎ ጥሩምባ ይነፋል። ዕቃው አርጅቶ ነው ብለው ከእጄ ወሰዱትና ወደ መኪናው ተጠጉ። እኔም ተከተልኳቸው። መከተል አልነበረብኝም፤ ይህን ለአንቺ ብቻ ነው የምናዘዘው። ቁጥሩ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ደረሰ። አንድ እርምጃ ሲጨምሩ አንድ ነጥብ ሁለት ሆነ።

ፊታቸው በራ። ይኸው ወረደ ብለው ጫኝና አውራጆቹን በእጃቸው ጠሩ። ስምንት ሰዎች ጓንታቸውን እያጠለቁ መጡ።

እዚህ ላይ የሰፈራችን ዘበኛ ሱሪ ትዝ አለኝ። ልጅ ሆኜ እኔ ለካሁ፣ አንቺ ቆረጥሽ። አርባ ብዬ የጠራሁልሽ ከሜትሩ በኢንቹ በኩል ነበር፤ አንቺ በሴንቲሜትሩ በኩል ቆረጥሽውና የሰውዬው ሱሪ ቁምጣ ሆነ። አልመታሽኝም። ክሩን በጥርስሽ እየበጠስሽ፣ «ቁጥር ብቻውን ወሬ ነው፤ በየትኛው ጎን እንደቆመ ጠይቂ» አልሽኝ።

ጎንበስ ብዬ ጎኑን አየሁ። ጅራቷ የለችም። ቁጥሩ አልወረደም፤ ሺህ ሲሞላ መሣሪያው ራሱ ወደ ትልቁ መስፈሪያ ተሻግሯል። አንድ ነጥብ ሁለት ሚሊ ማለት አንድ ሺህ ሁለት መቶ ማይክሮ ነው።

«ጋሼ፣ ቁጥሩን ይተዉት፤ ፊደሉን ይዩት» አልኳቸው።

«እኔ ፊደል ቆጥሬ የጨረስኩት ልጅ ሆኜ ነው» አሉኝ። ከዚያ አዩት። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው እንደዚያ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም፤ ስምንቱን ወጣቶች እየገፉ፣ ከሁሉም ቀድመው በሩ ጋ ደረሱ።

ግቢው ተዘጋ። ባለሙያዎች መጥተው ከአሮጌ የፋብሪካ ማሽን የወጣ፣ አውራ ጣት የሚያህል ብረት አገኙና በወፍራም የእርሳስ ሣጥን ወሰዱት።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ፤ ስንት አገኘኝ? መሣሪያው የሚናገረው የዝናቡን ብርታት ነው። ስንት እንደረጠብሽ የሚወስነው ደጅ የቆምሽበት ጊዜ ነው። እኔ ቢበዛ ሦስት ደቂቃ ቆምኩ። የሰዓቱን ለሃያ ብትከፍይው ስድሳ ጅራታም ይወጣል። መሬትና ሰማይ በሦስት ሳምንት ቀስ እያሉ የሚሰጡኝን በሦስት ደቂቃ ተቀበልኩ ማለት ነው። ሌላ ነገር የለም።

ስሌቱን ግን ዐሥራ አንድ ጊዜ ሠራሁት። በሦስት ደቂቃ፣ በአራት፣ በአምስት። ለራሴ ብቻ ቢሆን አንዴ ይበቃኝ ነበር።

የጨረር ደህንነት ባለሙያዋ ሁላችንንም ተራ በተራ ጠየቀችን፤ የት ቆምክ፣ ምን ያህል ቆየሽ እያለች። እኔን ወንዶቹን ያልጠየቀቻቸውን አንድ ጥያቄ ጨመረችልኝ። መለስኩላት። ብዕሯን አስቀምጣ ስሌቱን እንደገና ሠራችው፤ ከዚያ ለእኔ ከሌሎቹ በጣም ያነሰ የጨረር ወሰን ጻፈችልኝና፣ የተቀበልኩት የዚያን እንኳ አንድ ዐሥራ ስድስተኛ ያህል ብቻ መሆኑን አሳየችኝ። ያን ጊዜ ነው የተነፈስኩት። መልሱን ከእሷ በፊት የሰማው ባለቤቴ ብቻ ነው፤ እሱም ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ብቻውን ይስቃል።

ከእንግዲህ መኪና አልዞርም፤ ቢሮ ውስጥ መዝገብ እይዛለሁ። የተቀበልነውን ጨረር እየደመረ የሚይዝ ባጅ ሁላችንም ደረታችን ላይ አለ። ለእኔ ሁለተኛ ተሰጠኝ፤ ወገቤ ላይ የማደርገው። አለቃችን የተሾምኩ መስሏቸው፣ ባለፈው ቀን ከወንበራቸው ተነሥተው ሰላም አሉኝ። አላረምኳቸውም።

እማዬ፣ «አዲስ ነገር የለም?» ብለሽ መጠየቅ ካቆምሽ አራት ዓመት ሆነሽ። ማቆምሽን ልብ ብዬዋለሁ፤ ለምን እንዳቆምሽም አውቃለሁ። ተባረኪልኝ።

ዕድሜሽ በትልቁ መስፈሪያ ይለካ፤ ሕመምሽ በጅራታሟ። ጉልበትሽን ለስድስት ወር ተንከባከቢው፤ ከዚያ መጥተሽ ረዘም አድርገሽ ትሰነብቻለሽ። ሜትርሽን እንዳትረሺ። ምን እንደምትሰፊ ያን ጊዜ እንነጋገራለን፤ ጨርቅ ግን ብዙ አይፈጅም።

ባለ ሁለት ባጇ
ልጅሽ