አንካሳው ሱሪ

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከናፍቆትሽና ከፖሊስ መጥሪያ በቀር ደህና ነኝ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ ወንድምሽ ተከሷል!

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው የሰፋልኝ ሱሪ አንድ እግሩ አጠረ። ፎቶ አንስቼ «የሰፈራችን አንካሳ» ብዬ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። ሱሪውን ማለቴ ነበር! ሰውየውም እንደሚያነክስ ረሳሁት። ሰዉ ግን ሳቁን በእሱ ላይ አወረደው።

ጣቢያ ስቀርብ መርማሪዋ፣ «ስፌቱን እንዳሻህ ተች፣ መብትህ ነው፤ በሰው አካል መሳለቅ ግን ያስቀጣል» አለችኝ።

«ታዲያ ሱሪው ይክሰሰኛ!» ብላት አልሳቀችም።

ጽሑፉን አጥፍቼዋለሁ። የልብስ ሰፊው ሱቅ ግን ከሰኞ ጀምሮ ዝግ ነው። በቀን አራቴ በዚያ በኩል የማልፈው መንገዱ አቋራጭ ስለሆነልኝ ነው።

እስቲ ደውለሽ ደህንነቱን ጠይቂልኝ፤ እኔ እንደላክሁሽ ግን እንዳትነግሪው። ያው የአንድ ሱሪ ጉዳይ ነው፤ ይህን ያህልም አይደል።

መጥተሽ እስክትቆነጥጪኝ፣
ወንድምሽ