ስለ ታመመው ዶሮ

ውድ ልጄ ዮናስ፤

የአባቶቻችን አምላክ ባለህበት በአዳማ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ። እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ደኅና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽህም። በስልክ ያልነገርሁህ እናትህ ከጎኔ ስለማትለይ ነው። አሁንም የቀሚሷን ጫፍ ከጋቢዬ ጋር ቋጥሬ፣ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋት እጽፍልሃለሁ።

ዶሮህ ዝም ብሏል።

ለትንሣኤ መጥተህ፣ የከሰል መርዝ የምታሸተውን ያችን ዕቃ ከአሮጌ ስልክ ባትሪና ከሽቦ ገጣጥመህ በአንገቴ ስታንጠለጥልልኝ ተቆጥቼህ ነበር። ድምፅዋን የአውራ ዶሮ አድርገህ፣ ቀይ ጨርቅም እንደ ጉትዬ ሰፍተህባት ነበርና። «የዜማ መምህር ዶሮ ተሸክሞ ይዞራል?» ብልህ፣ «አባዬ፣ እማዬ ላይ ባስረው አውልቃ ትጥለዋለች፤ እርስዎ ግን ከእሷ አይርቁም። ደግሞ ቢያስቅዎትስ ምን አለበት?» አልኸኝ።

አንድ ቀን ማውለቁን ረስቼ ወደ ቅዳሴ ገባሁ። ቄሱ ሲያጥኑ ደረቴ ላይ «ኩኩሉ!» ብሎ ጮኸ። ዲያቆናቱ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ። ቄሱም ከቅዳሴ በኋላ፣ «መሪጌታ፣ ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ነው የካደው፤ እርስዎ ስንት ደረሱ?» አሉኝ። አብሬአቸው ሳቅሁ።

እናትህን ሁልጊዜ ይበርዳታል። ማንደጃውን መኝታ ቤት አስገብታ በሩን ትዘጋለች። ይገድልሻል ስላት «እሺ» ትላለች፤ ወዲያው ትረሳዋለች። ከሰሉን ከቤት ባጠፋው ገል ይዛ ከጎረቤት እሳት ልትጭር ትሄዳለች። ጎረቤታችንን አየለችን እንዳትሰጣት ለመንኋት። «አባባ፣ ለትልቅ ሰው እሳት እንዴት ይነሣል? እየተንቀጠቀጡ እኮ ነው የሚመጡት!» አለችኝ። እሺ ብላም በማግሥቱ ሰጠቻት።

በዚያው ሰሞን አየለች ልትጠይቀን መጥታ በር ላይ ቆማ ሳለ፣ እናትህ ከፍሙ ሳትነሣ በጣቷ ወደ እኔ አመለከተች። «እኚህን ሰውዬ አላውቃቸውም። ከየት መጡ?» አለቻት።

ልጄ፣ ጴጥሮስም የካደው ፍም እየሞቀ ነበር። ያንን ወንጌል ዕድሜዬን ሙሉ ከካጁ ወገን ሆኜ ሳስተምረው ኖሬአለሁ፤ የዚያን ቀን ከተካደው ወገን ሆኜ ሰማሁት። ወዲያው ዶሮህ ጮኸ። እናትህም ቀና ብላ፣ «ዘውዴ! ይኼን የሠራው ዮናስ ነው አይደል?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ በጮኸ ቁጥር ለጥቂት ጊዜ ትመለስልኝ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ መስኮቱን ከመክፈቴ በፊት እንዲጮህ የጠበቅሁበት ቀን አለ።

ባለፈው ሰንበት ግን ዶሮውን ከአንገቴ አውልቄ ጋደም ብዬ ሳለሁ «ዶሮው ተጠምቷል» ብላ በጣሳ ውኃ አጠጣችው። በርኅራኄዋ ገደለችው። ስልክ ጠጋኙ ታምራት ፈትቶ አየና፣ «አባባ፣ አፍንጫውም ጉሮሮውም ሄዷል። ጂንካ ውስጥ አይገኝም። ከፈለጉ ተሠርቶ የሚሸጥ የሚያፏጭ ላስመጣልዎት» አለኝ። የሚያፏጨው ከሞት ያድናት ይሆናል፤ ከሄደችበት ግን አይጠራትም።

ትናንት ዝናቡ ሲያካፋ ከአየለች ቤት ፍም ጭራ ገባች፤ በሩንም ዘጋች። ማንደጃውን ላነሣ ስል እጄን ገፋችው። «አንቱ ሰውዬ፣ ውጡልኝ! ባለቤቴ ሲመጣ ይቆጣል» አለችኝ። ከእሳቱ ጋር ልታገላት አልቻልሁም፤ ሌላ መላም አጣሁ። ዜማ ያስተማርሁበትን ጉሮሮ ከፍቼ እንደ አውራ ዶሮ ጮኽሁ። እንባዬ እየወረደ ደገምሁት።

እናትህ እጇን ከፍሙ ላይ አነሣች። ደረቴን ትክ ብላ አየች።

«ድምፁ ተዘግቷል» አለች። «ይኼ ዶሮ ታሟል። ለዮናስ ንገረው።»

ማንደጃውን ወደ ደጅ ሳወጣም አልከለከለችኝም።

ይኸው ነገርሁህ። ደብዳቤውን ጧት በቀይ አፈር ከተማ በኩል ለሚወጣው አውቶቡስ ሾፌር አደራ እሰጠዋለሁ። ና፣ ልጄ። ሥራህ ካልለቀቀህ እንኳ ያንኑ ዶሮ፣ በዚያው ድምፁ ሠርተህ ላክልን። ቋጠሮው ተሳበ፤ ነቅታለች። እስክትደርስልን እኔ እጮኻለሁ።

የአባትህ ምርቃት አይለይህ፤
መሪጌታ ዘውዴ
ጂንካ