«ይመስገን»ን ብራስልስ ድረስ ለወሰዱት ዶክተር

ለተከበሩ ዶክተር ገሠሠ አክሊሉ
የዩኒቨርሲቲው የአውሮፓ የጋራ ጥናቶች አስተባባሪ
አትላንታ

ባለቤቴ የሺእመቤት የግራ እግሯን አውራ ጣት ያጣችው በእርስዎ ጥናት ምክንያት ነው። ይህን ካስቀደምኩ በኋላ፣ ወግ ነውና፣ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንደምን እንደ ሰነበተ በትሕትና እጠይቃለሁ። እኛ እንዴት እንደ ሰነበትን ልማዱ በሚያዘው ቃል እጽፍልዎ ነበር፤ ነገር ግን ያንን ቃል ባለፈው ጊዜ ከአፌ ተቀብለው ብራስልስ ድረስ ስለወሰዱት ዛሬ ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ።

ይህ ደብዳቤ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ በአቶ ወንዳፍራሽ ሱቅ በር ስለሚለጠፍ ነገሩን ለማያውቀው መንገደኛ ባጭሩ ላስረዳ። ስሙ ከአውራጃው አልፎ የማይሰማው ዩኒቨርሲቲዎ ከአምስት የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ተጣምሮ የአረጋውያን ስደተኞችን ጤና ለማጥናት ታደለ። እርስዎም ባለፈው ዐቢይ ጾም ሁለት የአውሮፓ ምሁራንን አስከትለው ቻምብሊ ወዳለው ቤታችን መጡ። ስለ መምጣትዎ አመሰግናለሁ። የደረሰብኝን በደል ደግሞ፣ እናንተ ነገርን በቁጥር መደርደር ስለምትወዱ፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ባለቤቴ ያቀረበችውን ምስር እየበሉ፣ እንግዶቹም እያደነቁ ሳለ፣ ስለ ጤናችን ጠየቁን። እንግዳ እየጎረሰ ስለ እግር ሕመም እንደማይወራ የሚያውቅ ሰው ከመካከላችሁ ቢኖር እርስዎ ብቻ ነበሩ። እኔ «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ፤ እሷም ዝቅ ብላ «ይመስገነው» አለች። ጻፉት፤ እንግዶቹም ጻፉት፤ ከዚያ ስለ አየሩ ተጫወታችሁ።

ሁለተኛ፦ እርስዎ የተወለዱት ደብረ ማርቆስ እንጂ ብራስልስ አይደለም። ቤቱ ተቃጥሎ አመዱ ላይ የቆመ ሰው እንኳ እንዴት ነህ ሲሉት ይመስገን እንደሚል ከእናትዎ ቤት ጀምሮ ሲሰሙ አድገዋል። ጨዋ ጠያቂ ይመስገን ሲባል አያቆምም፤ «ኧረ እንዴት ነዎት?» ብሎ ይደግማል፤ ሕመሙም የሚነገረው ያኔ ነው። እርስዎ ግን አልደገሙም። ለምን እንዳልደገሙም በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ከብራስልስ መልስ ሲያስረዱን ሰማሁ፤ ስድስቱ ዩኒቨርሲቲዎች በተስማሙበት ደንብ መሠረት እያንዳንዱ ጥያቄ በየአገሩ በአንድ ዓይነት ቃል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠየቃል ብለው ነበር። እንዲህ ያለውን ደንብ ለማውጣት ስድስት ዩኒቨርሲቲ ማስፈለጉን ስላሳወቁን እናመሰግናለን። አንድ ብቻውን ይህን ያህል መሳሳት አይችልም ነበርና።

ሦስተኛ፦ በዚያው አዳራሽ፣ ብራስልስ ላይ ያቀረቡትን ውጤት ጠቅሰው፣ የኢትዮጵያ አረጋውያን የጤና ቅሬታ እንደሌላቸው በኩራት አበሰሩ፤ ዩኒቨርሲቲያችን ከአውሮፓ ጋር እኩል ተሰለፈ ሲሉም ተጨበጨበልዎ። ተነሥቼ ይመስገን ማለት ጤነኛ ነኝ ማለት እንዳልሆነ ተናገርኩ። እርስዎም ፈገግ ብለው «ጋሼ ኃይለመስቀል፣ ሳይንስ በይሉኝታ አይሠራም» አሉኝ፤ ሰውም ሳቀ። የሰፈራችን ክሊኒክ ግን አልሳቀም። የእናንተን ውጤት ተቀብሎ፣ ቅሬታ ለሌለው ሕዝብ አስተርጓሚ አያስፈልግም ሲል፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጣልን የነበረችውን ወይዘሮ ኤልፍነሽን አሰናበታት።

ከዚያ በኋላ ባለቤቴን ወደ ክሊኒክ የምወስዳት እኔ ሆንኩ። እርስዎ እንደሚያውቁት እንግሊዝኛዬን ያስተማረኝ ጋዜጣ ነው፤ ጋዜጣ ደግሞ ስለ እግር መደንዘዝ አይጽፍም። ስኳር ያለባት ሴት እግሯ መደንዘዙን ለነርሷ ለማስረዳት ቃሉን ባጣሁ ጊዜ «እግሯ ተኝቷል» አልኳት። ለካ በእንግሊዝኛ እንዲህ የሚባለው ሰው እግሩን አጥፎ ሲቀመጥ ለሚሰማው ጊዜያዊ መደንዘዝ ነው። ነርሷ ሳቅ ብላ፣ ይሹት፣ ትንሽም ትራመድ፣ ይነቃል አለችኝ። ጫማዋን ያስወለቃት የለም። የሺእመቤትም እንደታዘዘችው ተራመደች፤ በጫማዋ ውስጥ የነበረው ቁስል ስለማይሰማት እስከ ሩቁ ሰፈር ብሩክሄቨን ድረስ በእግሯ ሄዳ ተመለሰች። ሽታው ሲያስነቃን ጊዜው አልፎ ነበር። ሆስፒታል ስትተኛ፣ ጣቷ ከመቆረጡ በፊት፣ ሐኪሙ እንደምን ነሽ ሲላት ምን እንዳለች ልንገርዎት? ይመስገነው አለች። ይህንንም ከቀድሞው ጋር ይደምሩት።

አራተኛ አልጽፍም፤ ሦስቱን ያልገባው አራተኛው አይገባውም።

ለተሳትፏችን መታሰቢያ ስለሰጡን፣ የስድስቱ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅተም ስላለበት ኩባያ ሳላመሰግን ማለፍ ነውር ይሆንብኛል። የፋሻውን መቀስ እናስቀምጥበታለን፤ ከጥናታችሁ ሁሉ ለእግሯ የጠቀማት እሱ ብቻ ነው። ወይዘሮ ኤልፍነሽን ክሊኒኩ እንዲመልሳት አንድ መስመር የእርማት ቃል እንዲጽፉ ሽማግሌ ልኬብዎት ነበር። የጋራ ጥናት ያለ አምስቱ ፈቃድ አይታረምም ብለው መልሰዋቸዋል። ዩኒቨርሲቲዎ ሲመሰገን ብቻውን እንደሚቆምና ሲወቀስ ስድስት እንደሚሆን ከዚህ ተምሬያለሁ፤ ስላስተማሩኝም እጅ እነሣለሁ።

የአውሮፓን መንገድ ፈጣሪ እንዲያቀናልዎት፣ የሚሄዱበት አዳራሽ ሁሉ በጭብጨባ እንዲቀበልዎት፣ ጫማዎም ሁልጊዜ በልክዎ እንዲሆንልዎት እየተመኘሁ፣ ለማዕረግዎ የሚገባውን አክብሮት፣ ከዚያ ሳላስተርፍ ሳላጎድል፣ አቀርባለሁ።

ኃይለመስቀል ዘገዬ
ቻምብሊ፣ ኅዳር ፲፱፻፹ ዓ.ም.

ከፊርማ በኋላ የታወሰ፦ ባለፈው እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እጅዎን ዘርግተው ባለቤቴ እንዴት እንደ ሆነች ጠይቀውኝ ነበር፤ ዝም ብዬዎት አልፌያለሁ። ያልሰማሁ መስሎዎት እንደሆነ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ነገር ያለኝ ቃል እዚህ ወረቀት ላይ አልቋል፤ ለእርስዎም ሆነ ለሽማግሌ፣ ለጠያቂም ሆነ ለአጥኚ ዳግመኛ አልናገርም። አምላክንም የማመሰግነው በልቤ ነው። ከእንግዲህ ሲያገኙኝ ይመስገንን እንኳ ከአፌ አይሰሙም።